የቴክኒሻኑ ሜዳሊያ ከመጨረሻው ርክክብ በኋላ ይሁን

የምረቃ ወራት ሲደርስ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች አዳራሽ በአበባና በካሜራ ይሞላል። ከፍተኛ ነጥብ ያመጡት በየስማቸው እየተጠሩ መድረክ ላይ ይወጣሉ፤ ሜዳሊያ ይጠለቅላቸዋል፤ የክብር እንግዳውም የሀገር ተስፋ መሆናቸውን ገልጸው ይሰናበታሉ። ከሕንፃ ወይም ከመንገድ ሥራ ክፍል የተመረቀው ወጣትም እንደ ጓደኞቹ ሜዳሊያውን ይዞ ቤቱ ይገባል። በሳምንቱ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ግን «እስቲ ሜዳሊያህን አሳየኝ» የሚል ሥራ ተቋራጭ አያገኝም። የሚጠየቀው «የት ሳይት ሠርተሃል? ማን ያውቅሃል?» ተብሎ ነው። በገበያ ቋንቋ ሲነገር፣ ለዚያ ሜዳሊያ ገዢ አልተገኘለትም።

ለመሆኑ ገዢ የማያገኝ ሽልማት ለምን ይሰጣል? ጥያቄው ተሸላሚውን ለማሳነስ አይደለም። አዲስ የሲቪል ምህንድስና ቴክኒሻኖችን መሸለም፣ በተለይ እንደ ድባጤ ባለ ከመሐል አገር በራቀና ብዙ ግንባታ በሚጠብቀው ወረዳ፣ አንድ ነጋዴ ወይም ባለሀብት ከሚያወጣው ገንዘብ ሁሉ ርካሹና አትራፊው ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚሰጥበት ቀንና የሚሰጥበት ምክንያት ነው። ሽልማቱ ለፈተና ወረቀት ሳይሆን ለቆመ ሥራ፣ በምረቃ ዕለት ሳይሆን አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ መሰጠት አለበት።

ይህ አዲስ ፈሊጥ አይደለም። የግንባታ ገበያው ራሱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሥራ ተቋራጭ ሕንፃውን ጨርሶ ሲያስረክብ ጊዜያዊ ርክክብ ተደረገ ይባላል እንጂ ሥራው አለቀ አይባልም። ከክፍያው ላይ ብዙውን ጊዜ አምስት በመቶ ያህሉ በመያዣ ስም ይቀርና፣ በተለምዶ አንድ ዓመት ለሚሆን የጉድለት መጠበቂያ ጊዜ አሠሪው ዘንድ ይቆያል። ክረምቱ መጥቶ ይሄዳል። ጣሪያው ያፈስ እንደሆነ፣ ግድግዳው ይሰነጠቅ እንደሆነ፣ ፉካው በደለል ይደፈን እንደሆነ ይታያል። የመጨረሻው ርክክብ ተፈርሞ የተያዘው ገንዘብ የሚለቀቀው ከዚያ ወዲህ ነው። ለሥራ ተቋራጩ ገንዘብ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ገበያ፣ ሥራውን በቅርብ ለሚመራው ቴክኒሻን ዋጋ ሲተምን ግን በአንድ ቀን የአዳራሽ ጭብጨባ ይረካል።

ወደ ድባጤ እንምጣ። ወረዳው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከል ዞን ይገኛል። የክልሉ መዲና አሶሳ ከዓባይ ማዶ በስተደቡብ ስትሆን መተከል ከወንዙ በስተሰሜን ነው። በመሆኑም የድባጤ ነጋዴ ዓይኑ ከአሶሳ ይልቅ ወደ ቻግኒ፣ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ያያል። ሰሊጡና በቆሎው በዚያ በኩል ይወጣል፤ ስሚንቶው፣ ፌሮውና ቆርቆሮው በዚያው በኩል ይገባል። እያንዳንዱ ኩንታል ስሚንቶ ድባጤ የሚደርሰው የጭነት ኪራዩን ተሸክሞ ነው። ዕቃው ግን ዋጋው ከፍ ብሎም ቢሆን ይመጣል። የማይመጣው ባለሙያው ነው።

ለምን አይመጣም? አንደኛው ምክንያት ለማስታወስም የሚከብድ ነው። ኅዳር 5 ቀን 2013 ዓ.ም. በድባጤ ወረዳ በመንገደኞች አውቶቡስ ላይ በተፈጸመ ጥቃት የሞቱት ሰዎች 34 እንደሚደርሱ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጊዜው አስታውቆ ነበር። በቀጣዩ ወር በጎረቤት ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰዎች ተገደሉ። ዞኑ በኮማንድ ፖስት ሥር ቆየ፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ከቀየው ተፈናቀለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የክልሉ መንግሥት ከጉሙዝ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ ጋር የሰላም ስምምነት ተፈራርሟል፤ ከተፈናቃዮቹም ብዙዎቹ ተመልሰዋል። ገበያ ግን ከስምምነት ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚረሳው። ጥሩ ፎርማን ከአዲስ አበባ ወደዚያ መውሰድ የሚፈልግ ሥራ ተቋራጭ ከመደበኛው ደመወዝ በላይ የሥጋት ሒሳብ ይጨምራል። ያም ሆኖ ሰውየው አንድ ወር ሠርቶ «ቤተሰብ ታሞብኛል» ብሎ ሊመለስ ይችላል። ቤቱ ድባጤ የሆነ ቴክኒሻን ግን ሥጋቱን ኖሮበታል፤ አገሩ ስለሆነም ይቆያል። ለሥራ ተቋራጩ ይህ የስሜት ጉዳይ ሳይሆን የሒሳብ መዝገብ ጉዳይ ነው።

ቴክኒሻኑ በሳይት ላይ ያለውን ቦታ የማያውቅ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ኢንጂነሩ ሥዕሉን ሠርቶ ይፈርማል፤ በሳምንት ወይም በወር አንድ ቀን ሳይቱን ይጎበኛል። በቀሩት ቀናት ቱንቢውን የሚያወርደው፣ ውሃ ልኩን የሚያስቀምጠው፣ ፌሮው በሥዕሉ መሠረት መታሰሩን የሚቆጥረው፣ አፈር የበዛበትን አሸዋ በእጁ አሽቶ የሚመልሰው ቴክኒሻኑ ነው። አርማታው የሚያምረውም የሚበላሸውም እሱ በቆመበት ወይም ዘወር ባለበት ሰዓት ነው።

እስቲ ሒሳቡን በትንሹ እንሥራው። አንድ ሜትር ኩብ አርማታ ሦስት ኩንታል ተኩል ስሚንቶ ይወስዳል እንበል። መቶ ሜትር ኩብ ለሚጠይቅ መካከለኛ ሥራ 350 ኩንታል ስሚንቶ ይገባል ማለት ነው። በባሬላና በሣጥን አሰፋፈር ስህተት፣ በአያያዝ ጉድለትና በእርጥበት ከዚህ አንድ አሥረኛው ቢባክን 35 ኩንታል ሄደ። ይህን ድባጤ ድረስ በሚያስወጣው ዋጋ አንባቢ ራሱ ያባዛው። ከአንድ ቴክኒሻን የስንት ወር ደመወዝ ጋር እንደሚስተካከል ያኔ ይታየዋል።

የሚባክነው ስሚንቶ ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። ሠራተኛ አርማታው እንዲቀልለው ውሃ ይጨምራል። ለመቶ ኪሎ ስሚንቶ 50 ሊትር ይገባ የነበረው ውሃ 70 ሊትር ሲሆን አርማታው ጥንካሬውን እስከ ሲሶ ድረስ ሊያጣ ይችላል። ይህ በዓይን አይታይም። በ28ኛው ቀን ናሙናው በማሽን ተጨምቆ ካልተሰበረ በስተቀር ማንም አያውቀውም፤ የመሞከሪያ ማሽኑ ደግሞ በየወረዳው አይገኝም። እንዲህ ባለ ቦታ ላቦራቶሪው የቴክኒሻኑ ሕሊናና ዓይን ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ የግንባታ ዕቃ በብር ሲሰላ ምን ያህል እንደከበደ ለዚህ ገጽ አንባቢ መንገር ለቀባሪው እንደ ማርዳት ይሆናል። ዕቃው በተወደደ ቁጥር ዕቃ የማያባክነው ሰው ዋጋም አብሮ መውጣት ነበረበት። አልወጣም። ለምን?

ምክንያቱም ገዢው ማን ጥሩ፣ ማን ደካማ እንደሆነ ለይቶ አያውቅም። በሬ የሚገዛ ገበሬ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ አስነድቶ ያየዋል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ የከተማ ሰው መካኒክ ይዞ ይሄዳል። ጆርጅ አከርሎፍ የተባለው አሜሪካዊ የኢኮኖሚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመውና እ.ኤ.አ. በ2001 ለኖቤል ሽልማት ባበቃው ጽሑፉ ያሳየው ይህንኑ ነው። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም የሚከፍለው የመካከለኛ ዋጋ ይሆናል፤ በዚያ ዋጋ ደግሞ ጥሩው ዕቃ ከገበያ ይወጣል። ደላሎቻችን ይህን ያለ ኖቤል ያውቁታል። በቴክኒሻን ገበያ የሚታየውም ይኸው ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ደመወዝ ይቀርባል፤ ጎበዙ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ወይም ሙያውን ትቶ ባጃጅ ይገዛል።

ሰርተፊኬቱስ? የሙያ ብቃት ምዘና፣ በተለምዶ ሲኦሲ የሚባለው፣ የመጣው ይህንኑ ክፍተት ለመሙላት ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሰልጣኙ ከተማረበት ተቋም ውጭ ባለ አካል ይመዘን የሚል ነው። ነገር ግን ምዘናው የሚነግረን ዝቅተኛውን መስፈርት ማለፉን ብቻ ነው። ካለፉት ውስጥ የትኛው እንደሚበልጥ አይናገርም። በዚህ ላይ በኮንስትራክሽኑ ሠፈር ወረቀት የሚከራይ ነገር ሆኗል። ለደረጃ ዕድሳት ወይም ለጨረታ ሲባል የባለሙያ ማስረጃ ከሥራ ተቋራጩ ፋይል ውስጥ ይገኛል፤ ባለቤቱ ግን ሳይት ላይ ታይቶ አይታወቅም። የሚከራይ ወረቀት ስለ ባለቤቱ ምንም ወሬ አያቀብልም። ክረምት ያሳለፈ ፉካ ግን አይከራይም፤ ያለበት ቦታ ሄዶ ማየት ነው።

ለባለ እጅ ክብር የመስጠቱ ጉዳይ በአገራችን አዲስ አጀንዳ አይደለም። ቀጥቃጩንና ሸማኔውን መስደብ እንዲቀር አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። አዋጁ ስድቡን ከለከለ እንጂ ዋጋውን አልጨመረም። ከዚያ በኋላ ከመጡት ጥረቶች ሁሉ ለቴክኒሻን ገበያ ሁነኛ ትምህርት ጥሎ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድንና በኢትዮጵያ መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ሳይሆን አይቀርም። ኮሌጁ ከክፍል ትምህርቱ ጎን ለጎን ለመስክ ሥራ ትልቅ ቦታ ይሰጥ ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ በስዊድን ገንዘብና በአካባቢው ሕዝብ መዋጮ በየገጠሩ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የመገንባት ፕሮግራም ተዘረጋ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ክፍሎች ዛሬም በየአውራጃው ልጆች ይማሩባቸዋል። የሠራቸውን ሰው ስም ግን የሚያስታውስ የለም። ሥራው ቆሟል፤ መዝገቡ የለም። ጉድለቱ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው ዕድል በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ነበር። እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት ታስቦ፣ አዲስ ተመራቂዎች በጥቃቅንና አነስተኛ እየተደራጁ የመንገድ ሥራ ተቋራጭ እንዲሆኑ ተደረገ። ለወጣት ቴክኒሻን ከዚህ የበለጠ መፈተኛ ሜዳ አይገኝም። ግምገማው ግን በአመዛኙ በኪሎ ሜትር ነበር። ስንት ኪሎ ሜትር ተጠረገ? ይህ ይጠየቅ ነበር። የስንቱ ፉካ ሐምሌን አልፎ ኅዳር ደረሰ የሚለው ጥያቄ እንደዚያ አልጮኸም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይህ ነው። ኪሎ ሜትር ሲሸለም ኪሎ ሜትር ይመረታል፤ የቆየ ፉካ ቢሸለም ኖሮ የሚቆይ ፉካ ይመረት ነበር።

በዚያው በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ፣ ግንባታው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አርማታ ሲሞላ፣ ሲለካና ሲፈተን የኖረበት ቦታ ከየትኛውም ኮሌጅ የሚበልጥ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የሠሩ ኢትዮጵያውያን ዛሬ ሌላ ሥራ ሊፈልጉ ይችላሉ። አንድ የድባጤ ሥራ ተቋራጭ ከመካከላቸው ጎበዙን መምረጥ ቢፈልግ ያው «ማን ያውቅሃል?» ወደሚለው ጥያቄ ይመለሳል።

ሌላው ዓለም እንዴት ያደርጋል? እ.ኤ.አ. በ1818 ለንደን ላይ የተመሠረተው የብሪታንያ የሲቪል መሐንዲሶች ተቋም ቴክኒሻንን በአባልነት ይቀበላል። ማዕረጉን የሚሰጠው ግን ትምህርቱን ስለጨረሰ ብቻ አይደለም። አመልካቹ በሥራ ላይ ያከናወነውን ይዞ በሙያው አንጋፋዎች ፊት ይቀርብና ይመረመራል። የተቋሙ አባል ተብሎ ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፋት ምልክት በአሠሪዎች ዘንድ ዋጋ ያላት በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1950 በስፔን የተጀመረውና ዛሬ በየሁለት ዓመቱ የሚካሄደው የዓለም የክህሎት ውድድር ደግሞ ግንበኛውን፣ ንጣፍ ሠሪውንና የአርማታ ባለሙያውን በአደባባይ ያወዳድራል። ከወርቅ፣ ከብርና ከነሐሱ ሌላ የተወሰነውን የብቃት ልክ ለደረሰ ሁሉ የሚሰጥ የልህቀት ሜዳሊያ አለው። ይህች አሠራር ብልህ ናት፤ ጎረቤትህን ጣል ሳይሆን ልኩን ድረስ ትላለችና። በእኛም አገር በክልልና በፌዴራል ደረጃ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት የክህሎት ውድድር ይደረጋል። ሆኖም ጣሪያ ባለው አዳራሽ ውስጥ በሁለትና በሦስት ቀን የሚሠራ ግንብ የድባጤን የሐምሌ ዝናብ አያውቅም።

እንግዲህ ለድባጤና ለመሰሎቿ የሚበጀው ሽልማት መልኩ ይህን ሊመስል ይችላል። ለውድድር የሚቀርበው ከተመረቀና ምዘናውን ካለፈ ወዲህ ቢያንስ አንድ ዓመት በሳይት ላይ የሠራ ቴክኒሻን ይሆናል። የሚያቀርበው አንድ የቆመ ሥራ ነው፤ ፉካ ቢሆን፣ የውሃ ማጠራቀሚያ ቢሆን፣ የጤና ኬላ ወይም የእህል መጋዘን ቢሆን። ዳኞቹ ሥራውን የሚያዩት ኅዳር ላይ ነው፤ ውሃው ያደረገውን አድርጎ፣ መንገዱም ደርቆ መኪና ሲያስገባ። ሦስት ዳኛ ይበቃል። አንዱ የመንገድ ወይም የሕንፃ መሐንዲስ ይሁን፤ አንዱ ከወረዳው ውጭ የመጣ ሥራ ተቋራጭ ይሁን፤ ሦስተኛው በዚያ ፉካ ላይ ከብቱን የሚያሻግር የቀበሌው ነዋሪ ይሁን። ከሦስቱ ሲመዘን የመጨረሻው ሰው አስተያየት ቀላል አይምሰል። ኮሌጁ ግን ዳኛ መሆን የለበትም፤ እናት የልጇን መልክ አትፈርድምና።

ሽልማቱስ? ዋንጫ መደርደሪያ ላይ ያልቃል። ጥሬ ገንዘብም በሠርግና በብድር ያልቃል። የሚሻለው ሥራ የሚወልድ ነገር ነው። የቅየሳ ሌቭል ከነሦስት እግሩ፣ የአርማታ ውፍረት መለኪያ ሾጣጣና የናሙና ሣጥን ቢሰጠው፣ በሚቀጥለው ዓመት ይህን መሣሪያ እየያዘ በየሳይቱ ቢከራይ እንኳ እንጀራው ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ አንድ ቀላል የንዑስ ተቋራጭነት ሥራ ያለ ውጣ ውረድ ቢሰጠው፣ ስሙም ሥራው ካለበት ቦታ ጋር በመዝገብ ቢሰፍር፣ መዝገቡ ከመሣሪያው ይበልጥ ያወጣል።

ከፋዩ ማን ይሁን ለሚለው መልሱ ለዚህ ገጽ አንባቢዎች የቀረበ ነው። መንግሥትን መጠበቅ አያስፈልግም። ስሚንቶ አከፋፋዩ፣ ብረት አስመጪው፣ ሥራ ተቋራጩና ለሥራ ተቋራጩ የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና የሚሰጠው መድን ድርጅት ሁሉም ከጥሩ ቴክኒሻን ያተርፋሉ። መድን ድርጅቱ ማን ሳይቱን እንደሚመራ ቢያውቅ ሥጋቱን በተሻለ ይተምን ነበር። እዚህ ላይ ከሥራ ተቋራጮች የሚነሳው ተቃውሞ ይታወቃል፤ «ሸልሜ፣ ስሙን አውጥቼ፣ ነገ ተወዳዳሪዬ በሁለት መቶ ብር ጭማሪ ይወስደዋል» የሚል ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው። ጋሪ ቤከር የተባለው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ለሁሉም አሠሪ የሚጠቅም ሙያ ላይ አንድ ድርጅት ብቻውን ገንዘብ አያወጣም። መፍትሔው ግን እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ሳይሆን እንደ ዕቁብ በጋራ ማዋጣት ነው። ከአንዱ የወጣው ቴክኒሻን ሌላው ካዋጪ ዘንድ ይገባል፤ ገንዘቡም ሰውም ከዕቁቡ አይወጣም።

ከገንዘቡ ይልቅ ከባዱ የዳኝነቱ ነገር ነው። በድባጤ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ አማራው፣ ኦሮሞውና አገዉ አብረው ይኖራሉ። የክልሉ ሕገ መንግሥት አምስት ብሔረሰቦችን የክልሉ ባለቤት ብሎ ሲጠራ ሌሎቹን በነዋሪነት ያውቃቸዋል። እንዲህ ባለ ቦታ ማንኛውም ሽልማት «የማን ልጅ ወሰደ?» ተብሎ መነበቡ አይቀርም። አንድ ጊዜ እንደዚያ ከተነበበ ደግሞ ገበያው ፊቱን ያዞርበታል፤ ዋጋውም ከምረቃው ሜዳሊያ አይሻልም። ስለዚህ ዳኛው ስም ማየት የለበትም። ሥራዎቹ በቁጥር ይቅረቡ፤ የማን እንደሆኑ ውጤቱ ከተፈረመ በኋላ ይገለጥ። ለሴት ቴክኒሻኖችም የሚበጀው ይኸው ነው። በየሳይቱ ድንጋይና ጭቃ ስትሸከም የምትታየው ሴት፣ ሌቭል ይዛ ስትቆም «ይህቺ ደግሞ ማናት?» የሚላት አይታጣምና፣ ቁጥሩ ይመልስላታል።

ለመጀመሪያው ዓመት ትልቅ ድግስ አያስፈልግም። አምስት ስድስት ነጋዴዎች ቢያዋጡ አንድ የቅየሳ ሌቭልና የዳኞቹን የነዳጅና የውሎ አበል ይሸፍናል። የዘንድሮ ተመራቂዎች በበጋው የሚሠሩትን ከአሁኑ ቦታውንና ቀኑን እያስመዘገቡ ቢቆዩ፣ ክረምቱ ደግሞ ድርሻውን ቢሠራ፣ ዳኞቹ በሚቀጥለው ዓመት ኅዳር ከቻግኒ ተነስተው ሁለት ሦስት ቀን ድባጤ ቢያድሩ ሥራው ያልቃል።